ዳንቴሉን ከላይ አንሱልኝ

«መብራት አቃጠለብኝ» አሉኝ፣ ሪሲቨሩን በነጠላ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ እያኖሩ።

«አዴ፣ ስንት ጊዜ ሠራ?»

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«ላዩ ላይ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? ዳንቴል ነዋ። በእጄ የሠራሁት።»

«እንግዲያው መብራቱን ይቅር ይበሉት። አፍኖ የገደለው ዳንቴሉ ነው።»

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ኮረንቲ በሚገባበት በኩል ከቆሙት፣ ትናንሽ በርሜል ከሚመስሉት ካፓሲተሮች የሁለቱ አናት አብጧል። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ሲሞቅ ይተንናል፣ እየተነነ ሲሄድ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ሥራውን ይተዋል። አንዱን ነቅዬ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፦ 105 ዲግሪ። ርካሹ ዓይነት ብዙውን ጊዜ በዚህ ሙቀት 2000 ሰዓት እንዲያገለግል ነው የሚሠራው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። 85 ዲግሪ ላይ 8000 ሰዓት ነው፤ ሌት ተቀን ቢበራ አሥራ አንድ ወር። 65 ዲግሪ ላይ 32000 ሰዓት ነው፤ ሦስት ዓመት ተኩል ያልፋል። አሥራ አንድ ወርን ከሦስት ዓመት ተኩል የለየው 20 ዲግሪ ብቻ ነው። ሪሲቨሩ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች የሸፈነ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን የሚገፋው ወደ ክፉው ቁጥር ነው።

«ታዲያ ስንት ሌሊት የለፋሁበትን ልጣለው?»

«ኧረ አይጣሉት! ከሥሩ ያንጥፉት። እዚያም ያምራል።»

ጉቴ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ናት። እዚህ ተቀምጬ ቦርድ ስጠግን የምሰማው ሰበብ አራት ነው፦ መብራት፣ መብረቅ፣ ቻይና፣ ዕድል። መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው ስናገር ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ለሁሉም ልናገረው።

«ዕድሉ ነው» ለምትለኝ፦ ያንተ ዕድል በዲግሪና በሰዓት ተሰፍሯል፣ ወንድሜ። ዕቃ ከፋብሪካ ሳይወጣ ዕድሉን ቀድመው የሚያዩለት ሰዎች አሉ። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ሙቀቱን 85 ዲግሪ፣ እርጥበቱን 85 ከመቶ ያደርጉታል፤ ኮረንቲ እንደተሰጠው 1000 ሰዓት ያቆዩታል። ከ41 ቀን በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አውጥተው ይለኩታል። ለብርድ፣ ለደረቅ ሙቀት፣ ለሙቀት መለዋወጥ፣ ለንዝረት፣ ለአቧራ፣ ለጨዋማ አየር የየራሱ ፈተና አለው፤ ሁሉም 60068 በሚል ቁጥር በሚታወቀው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ተዘርዝሯል። ይህን ያለፈ ቦርድም አንድ ቀን ይሞታል። ሆኖም የሚሞትበትን ቀን በግምት ሊነግርህ የሚችል ሰው አለ። ያልተፈተነው የሚሞትበትን ቀን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ያውም ከሞተ በኋላ።

«ቴስት ተደርጎ ነው የሚሸጠው» ይላል ባለሱቁ። ሶኬት ላይ ይሰካዋል፤ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ይነቅለዋል፤ ገንዘቡን ይቀበላል።

ይህ ሰላምታ እንጂ ፈተና አይደለም!

እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ፈተና ምን እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን። የወለጋ ቡና «ለቀምት» በሚል ስም በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ቡና ገዢ ጆንያውን ከላይ ፈታ አድርጎ፣ እፍኝ አይቶ ይከፍላል? ጆንያውን በመውጊያ ወግቶ ከየቦታው ናሙና ያወጣል። እርጥበቱን ይለካል። የተነቀዘውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን ፍሬ እያንዳንዱን ይቆጥራል፤ በዓለም አቀፍ ልማድ የሚቆጠርበት ናሙና 350 ግራም ነው። ከዚያ ይቆላዋል፣ ይፈጨዋል፣ ያፈላዋል፤ ቀማሹ በማንኪያ ፉት ይላል፣ ይተፋል፣ ነጥብ ይሰጣል። አባቶቻችን የለፉበት ቡና ይህን ሁሉ ሳያልፍ ዋጋ አይወጣለትም። የእኛን ቡና እንዲህ አድርጎ የሚፈትን ዓለም፣ በዚያው ቡና ገንዘብ የምንገዛው ቴሌቪዥን ላይ «በራ፣ በቃ» እንድንል ለምን ይጠብቃል? እኛስ ለምን እሺ እንላለን? ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

አንድ ወጣት ደግሞ ቻርጀሩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «የቻይና ዕቃ ምን ይደረጋል!» አለኝ።

«አዙረው።»

«ምኑን?»

«ጀርባውን። አንብብ።»

«በቻይንኛ ነው'ኮ!»

«ሥዕሉ ግን ቻይንኛ አይደለም። ተራራ አይታይህም? አጠገቡ ያለው ቁጥርስ?»

ቀረብ አድርጎ አየው። «2000።»

በብዙ ቻርጀርና አዳፕተር ጀርባ ላይ ይህች የተራራ ምልክት አለች። ቻይና በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደኅንነት ደረጃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ተመዝኖ ያላለፈ ዕቃ ይህን ማስጠንቀቂያ እንዲለጥፍ ደንግጋለች። ቲቤትን የመሰለ ከፍታ ያላት አገር ስለሆነች ከፍታ ዕቃን ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ለሐሩር የአየር ጠባይ ላልተመዘነ ዕቃም ሌላ ምልክት አላት። ነቀምቴ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባማ ከ2300ም ትበልጣለች። ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ ቻይናው አልዋሸህም። «ተራራ ላይ አልፈተንኩትም» ብሎ ጽፎልሃል። ጽሑፉን ሳናነብ አምጥተን የሸጥነውና የገዛነው እኛ ነን።

«ከፍታው ምን ያደርገዋል?» አለኝ። ይህ ደግ ጥያቄ ነው። ቻርጀር ውስጥ ከግድግዳው የመጣው 220 ቮልትና ስልክህን የሚነካው 5 ቮልት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ክፍተት ነው አጥሩ። አጥሩ አየር ነው። አየር ሲሳሳ ኮረንቲ በቀላሉ ይዘለዋል። ለዚህ ነው የክፍተቱ ስፋት ተቆርጦ የተሰጠው እስከ 2000 ሜትር ላለ ቦታ ብቻ የሆነው፤ 3000 ሜትር ላይ ያው ክፍተት በ1.14 ተባዝቶ መስፋት አለበት። ሌላም አለ፦ በ2000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ ቦርድ የሚያቀዘቅዝ ጉልበቱም ያንሳል። ከ2000 ሜትር ትንሽ በማለፉ ብቻ ዕቃ እንደማይሞት እውነቱን ልናገር ይገባኛል። የሚያስፈራኝ፣ ክፍተቱን ለመቆጠብ ሲል ለባሕር ጠረፍ እንኳ አጥብቦ የሠራው ፋብሪካ ነው። ለእርሱ እኛ ጋ ቀርቶ የትም ትርፍ ቦታ የለውም።

«ኦሪጅናል ነው» የሚባለውም ቃል አለ። ኦሪጅናልነቱን በካርቶኑ የምትመሰክር ሁሉ፣ እስቲ ክዳኑን ከፍተህ ና። ስንት ቦርድ ከፍቻለሁ፣ ቦታው ተስሎ፣ ስሙ ተጽፎ፣ ክፍሉ ግን ያልተገጠመበት! ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅን የሚውጠው ቫሪስተር የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው። ማጣሪያው ጥቅል መቆም በነበረበት ላይ ሁለት ቁራጭ ሽቦ ተበይዷል። ሥዕሉን የሣለው መሐንዲስ ሥራውን ያውቃል፤ ቦታ ትቶለታል። ሌላ ሰው ደግሞ ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ አስቀርቶታል። ለፈተና የቀረበው ሙሉው ቦርድ ሆኖ፣ ጉቴ የደረሰው ግን የጎደለው ቢሆንስ?

ለዚህ ነው የፀሐይ መብራቶችን ፈተና የምወደው። በዓለም ባንክ ቡድን ሥር ላይቲንግ ግሎባል ተብሎ የተጀመረው፣ ዛሬ ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ፣ አምራቹ መርጦ የላከውን ናሙና ይዞ አይፈርድም፤ ከመጋዘን ካለው ክምችት በዘፈቀደ ያስወጣል። ልክ እንደ ቡናው፣ ጆንያውን ራሱ ይወጋል! ተንቀሳቃሹን ፋኖስ ከ1 ሜትር ከፍታ ይጥለዋል። 2000 ሰዓት ከበራ በኋላ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በዓለም ባንክ ድጋፍ ለፀሐይ መብራት አስመጪዎች ብድር ሲያቀርብ ዕቃው ይህን ማረጋገጫ እንዲይዝ ጠይቆ ነበር። ገጠር ውስጥ በዚያ ፋኖስ የሚያጠና ልጅ የፈተናውን ስም አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ መብራት እንዳለው ግን ያውቃል። ታዲያ ለፋኖስ የተቻለው ለዲቫይደር፣ ለሪሲቨር፣ ለቻርጀር የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚመልስልኝ ካለ በሬ ክፍት ነው።

«ውሃ የሚባል አልነካውም!» ብሎ የሚምልልኝ ብዙ ነው፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ።

ማልህ፣ አምንሃለሁ። ውሃውን አንተ አላፈሰስክበትም፤ ቦርዱ ራሱ ከአየሩ ጠጥቶት ነው። ነቀምቴና አካባቢዋ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ግድግዳው፣ ልብሱ፣ ጨው ሁሉ ይርሳል። ቦርድ ላይ ደግሞ አቧራ አለ፣ የማገዶ ጢስ አለ፣ ሲበየድ ሳይታጠብ የቀረ ቅባት አለ። እነዚህ ሁሉ እርጥበት ይስባሉ። ሁለት የመዳብ መስመሮች በመካከላቸው ኮረንቲ እያለ እንዲህ ያለ እርጥብ ሽፋን ሲለብሱ፣ ብረቱ ከአንዱ እየሟሟ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በማጉያ ሲያዩት እንደ ሐረግ ቅርንጫፍ እያወጣ ያድጋል። ሐረጉ ማዶ የደረሰ ዕለት ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ፤ ቦርዱ ያኔ ያብዳል። አንዳንዴ ሐረጉ ራሱ ይቃጠልና ዕቃው ተመልሶ ይሠራል። «ሳልነካው ተሻለው» የምትሉኝ እንዲህ ያለውን ነው። አልተሻለውም፤ እንደገና እያበቀለ ነው።

«ይህን ለመፈተን የሚሊዮን ብር ማሽን ያስፈልጋል» አለኝ አንድ የተማረ ሰው።

ለእውነተኛው ፈተና አዎ። ለመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን ባልዲና ጨው ይበቃል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ውሰድ። ከሥሩ በሰሃን የወጥ ጨው አድርግ፤ ጨው እንደ ገንፎ እስኪሆን ውሃ ጨምርበት። ቦርዱን ጨው ሳይነካው ከላይ አንጠልጥለህ ክደነው። በውስጡ ያለው አየር በ75 ከመቶ እርጥበት አካባቢ ይረጋል፤ እርጥበት መለኪያ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች የሚተማመኑበት የጨው ጠባይ ነው። በባትሪ ብቻ የሚሠራ፣ ከ12 ቮልት የማያልፍ ቦርድ እዚያ ውስጥ እንደበራ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆየው። 220 የገባበትን ነገር ግን በፍጹም እንዳታስገባ፤ በሕይወት ጨዋታ የለም። እኔ የፀሐይ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ቦርዶችን እንዲህ አቆያለሁ፤ የታጠበውና በቫርኒሽ የተለበጠው ከነበረው ሳይለወጥ ሲወጣ፣ ያልታጠበው እግሮቹ ሥር አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይወጣል። አንድ ሰሃን ጨው ይህን ካሳየኝ፣ ነቀምቴ ላይ ወለጋ ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ተቋም እያለ፣ የምህንድስና ተማሪዎች በመመረቂያ ሥራቸው የገበያውን ዲቫይደር ሁሉ እየገዙ በሙቀትና በእርጥበት ቢፈትኑትና ውጤቱን ገበያው መካከል ቢለጥፉት ምን ነበረበት?

ብየዳው ተሰንጥቋል ስላቸው ደግሞ፣ «ጉቴ ምን ሙቀት አላትና ነው ቦርድ የሚሰነጠቀው?» ይሉኛል።

ሙቀቱ አይደለም የሚሰነጥቀው፤ መውጣት መውረዱ ነው። የበጋ ሌሊት ብርዱን፣ እኩለ ቀን ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውን ወበቅ አስቡት። ቦርዱ ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ የተበየደው ክፍል ሴራሚክ ነው። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ቦርዱ ከሚሊዮን 15 ያህል ሲለጠጥ ሴራሚኩ 6 ወይም 7 ብቻ ነው። እርምጃቸው እኩል ያልሆነ ሁለት በሬ ጠምደህ ስታርስ የሚሰነጠቀው ማን ነው? ቀንበሩ! እዚህም ቀንበሩ ብየዳው ነው። ኮፊንና ማንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየፊናቸው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ብረት በስንት ጊዜ መለጠጥና መኮማተር እንደሚደክም በቀመር አስቀምጠውታል፤ ዛሬም የብየዳ ዕድሜ የሚሰላው ከዚያ በወጣ ቀመር ነው። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ዕቃው ይቀዘቅዛል፣ ይሞቃል፤ ያም አንድ ዙር ሆኖ ይቆጠራል። ከነቀምቴ ወደ በደሌ ወርዶ የደዴሳን ሸለቆ ሙቀት አቋርጦ የሚመለስ የኢሱዙ ሬዲዮማ ሙቀቱንም ንዝረቱንም በአንድ ቀን ይቀምሳል።

«ስታቢላይዘር አለኝ» የምትሉኝም አላችሁ። ጥሩ ነው፤ ምጣድ ሲሰካ ለሚወርደው፣ ሲነቀል ለሚወጣው ቮልቴጅ ያግዛችኋል። መብረቅ ግን ስታቢላይዘሩን አይጠብቅም። መሐንዲሶች የመብረቅን ግፊት ለመምሰል ቦርዱ ላይ የሚለቁት ሞገድ ጫፍ የሚደርሰው በ1.2 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰከንድ ሚሊዮን ማይክሮ ሰከንድ አለው። እንደ ዕቃው ደረጃ 1፣ 2 ወይም 4 ሺህ ቮልት ይለቁበታል። ስታቢላይዘሩ ውስጥ ያለው መቀያየሪያ ጠቅ እስኪል ሁሉም ነገር አልቋል። ሰማዩ ሲጠቁር ሶኬቱን ንቀሉት፤ የዲሹንም ገመድ ጭምር።

አንድ አባት፣ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው፣ «ኦቦሌሳ፣ ደህናውን ዕቃ ለምን ያሰቃዩታል? ግፍ አይደለም?» አሉኝ።

«አባቴ፣ የሚሰቃየው አንድ ነው፤ የሚድኑት ሺህ ናቸው።»

ግሬግ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1988 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት የፈተና ዓይነት አለ። ቦርዱን በፍጥነት እያሞቁና እያቀዘቀዙ፣ በየአቅጣጫው እያንቀጠቀጡ፣ እስኪሰበር ድረስ ደረጃ በደረጃ ያከብዱበታል። የሚፈልጉት እንዲያልፍ አይደለም፤ የሚሰበርበትን ቦታ ማየት ነው። ደካማውን ያገኙታል፣ ያጠነክሩታል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ፋብሪካው ያልሰበረውን እኛ እንሰብረዋለን፤ እኛ ስንሰብረው ግን የሚማርበት መሐንዲስ አጠገባችን የለም። የተቃጠለው ቦርድ ውዳቂ ሆኖ ጉቴ ይቀራል፤ ምን እንደገደለው ለፋብሪካው የሚነግረው የለም።

እኔም በአቅሜ እፈትናለሁ። ድሮ ጠግኜ ያንኑ ዕለት እመልስ ነበር፤ በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣብኝ አፍር ነበር። አሁን የተጠገነ ዕቃ ሁለት ቀን ሳይበራ ከሱቄ አይወጣም። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አደርገዋለሁ፣ ቀዝቀዝ እስኪል እጠብቃለሁ፣ በመፍቻው የፕላስቲክ እጀታ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። አድፍጦ የተቀመጠ ስንጥቅ እዚህ ይጋለጣል። «ቶሎ አድርግልኝ» ብለው የሚቆጡኝን እሰማለሁ፤ ቁጣቸውን ተቀብዬ ዕቃውን አቆያለሁ።

«መንግሥት ካልፈተነ እኛ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። አዲስ አበባ ላይ ደረጃ የሚያወጣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት አለ፤ የሚፈትሽና የሚመሰክር የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም አለ። ስማቸውን እንወቅ፤ ባለሱቁንም በስማቸው እንጠይቅ። ያልተጠየቀ ነጋዴ አስመጪውን አይጠይቅም፤ ያልተጠየቀ አስመጪ ደግሞ ፋብሪካውን አይጠይቅም።

ባለፈው ቅዳሜ የዳንቴሏን አዴ ገበያ ላይ አየኋቸው። አንድ ሱቅ ፊት ቆመው አዲስ አዳፕተር ይዘዋል። ባለሱቁ ሊሰካው ሲል እጁን ያዙት።

«መብራቷን ተዋት» አሉት። «ጀርባውን አዙርልኝ፤ ተራራው ስንት ይላል?»